ስልሳ የሞረድ ምት

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ዕቃ ሲገዛ የሚጠየቀው «ማን ሠራው?» ነበር። አሁን የሚጠየቀው «ማን ገዛው?» ነው፤ ፋብሪካው ራሱ እንደ ዕቃ ይሸጣላ። የዚህ ምግብ ቤት ባለቤት ወይዘሮ አልማዝ ዛሬ ጠዋት አዲሱን የበርበሬ ወፍጮዋን አሳይታኝ «ጋሽ ተካ፣ ይጮኻል፣ ይከብዳል፣ እስቲ በሞረድ ያለስልሱልኝ» ብላኝ እምቢ ስላልኳት አኩርፋለች። አያችኋት፣ ሻዩን እንኳ ያስቀመጠችልኝ ፊቷን አዙራ ነው። ታዲያ ለምን እምቢ እንዳልኩ ልንገራችሁ፤ አንቺም ስሚ አልማዝ፣ ወጥ ቤት አትግቢብኝ። ነገሩ የወፍጮ አይደለም፣ የጠመንጃ ነው።

እንደምታውቁት እዚሁ ካምፓላ፣ ኪቡሊ ላይ ያለችኝ ሱቅ አራት እርምጃ በስድስት እርምጃ ናት፤ ሃያ ሰባት ዓመት ኖሬባታለሁ። የአደን ጠመንጃ አድሳለሁ፤ ፈቃድ ያለው ሰው፣ ፈቃድ ያለው መሣሪያ፣ ሌላ አልነካም። ሙያውን የተማርኩት አዲስ አበባ፣ ሙሴ አጎፕ ከሚባሉ አርመን ነው። እና ሙሴ አጎፕ ሁለት ነገር አስተማሩኝ። አንደኛው መቁጠር ነው። «ተካ፣ ሞረድ ዓይን የለውም፤ ዓይኑ ቁጥር ነው። ስንት ጊዜ እንደገፋህ ካላወቅህ ምን ያህል እንደበላህ አታውቅም» ይሉኝ ነበር፣ ጢማቸውን እየጎተቱ። ከዚያ ወዲህ የማልቆጥረው የለም፤ ብሎን እቆጥራለሁ፣ ደረጃ እቆጥራለሁ፣ ቦዳ ሞተር ሳይክል ላይ ተቀምጬ የመንገዱን ጉድጓድ እቆጥራለሁ። ሚስቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ «የእኔን ሽበትስ?» ትለኝ ነበር፤ እሱንም ቆጥሬው ነበር፣ አልነገርኳትም እንጂ። ሁለተኛው ትምህርት ማለስለስ ነው። «ብረት ብረትን ሲነካ ድምፅ ካሰማ ሥራው አላለቀም» ይላሉ። ከእጃቸው የወጣ መሣሪያ እንደ ቅቤ ነበር የሚንሸራተተው። እኔም ይህንኑ ይዤ ካምፓላ ገባሁ፣ በዚህም ኖርኩ፣ በዚህም ስም አወጣሁ።

ታዲያ ሙካሳ የሚባል ወዳጅ አለኝ፤ የዚሁ አገር ሰው፣ የአደን መሪ። ከውጭ የሚመጡ አዳኞችን በፈቃድ ጫካ ይዞ የሚገባ። አንድ ጊዜ የሚሠራበት የአደን ድርጅት አዲስ ጠመንጃ ገዛለት፣ የአሜሪካ። ይህ ጠመንጃ ከምላጩ ሥር የብረት ቀለበት አለው፤ እጅህን አግብተህ ወደ ታች ስትገፋው ባዶውን ቀለህ ይተፋል፣ ስትመልሰው አዲስ ጥይት ያጎርሳል። ውስጡ ደግሞ ጥይቱን ተቀብላ ወደ ላይ የምታነሳ ትንሽ የብረት ምላስ አለች። ምላሷን ያዙልኝ፣ ነገሩ እሷ ላይ ነው።

ያኔ ፋብሪካው ተሽጦ ነበር አሉ፤ የገዙትም ሰዎች የድሮዎቹን ሠራተኞች አሰናብተው፣ ማሽኑን ወደ ሌላ ከተማ አግዘው፣ ሥራው ተዘበራርቆ ነበር። እውነትም ጠመንጃው ሻካራ ነው። እንጨቱና ብረቱ አልተዋደዱም፣ ቀለበቱ ሲገፉት ይንገራገጫል። ሙካሳ ይዞልኝ መጣና «ሙዜ» አለኝ፤ ሙዜ ይለኛል፣ ሽማግሌ ማለቱ ነው፣ ያኔ ጠጉሬ ገና ጥቁር ነበር እንኳ፤ «ሙዜ፣ ይህ ነገር እንደ ሰነፍ አህያ ነው፣ ስትገፋው ይቆማል። የአንተ እጅ ሳያየው ጫካ ይዤው አልገባም።»

እና አለሰለስኩት። አርባ ምት በግራ፣ አርባ በቀኝ፣ ወደ ውስጥ የሚገባው የቀለበቱ ጫፍ ምላሷን በሚነካበት ቦታ ላይ ደግሞ ስልሳ። ቀለበቱ በራሱ ክብደት ወረደ። ሙካሳ አወረደው፣ መለሰው፣ እንደገና አወረደውና «አሁን ጠመንጃ ሆነ» አለኝ።

ሰባት ወር ሄደ። አንድ እንግዳ አዳኝ ጎሽ አቁስሎ ጎሹ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባ። የቆሰለ ጎሽ ተከትሎ መግባት የመሪው ግዴታ ነው፤ ሙካሳ ገባ። ጎሹ ወጣበት፣ ተኮሰ፣ ትከሻውን መታው፣ አልወደቀም። ቀለበቱን ገፋ፤ ግማሽ ላይ ቀጥ አለ። አይወርድ፣ አይመለስ። እንግዳው ደርሶ ጎሹን እስኪጥለው ድረስ የሙካሳ ግራ እግር ሦስት ቦታ ተሰብሯል። ሆስፒታል ሄጄ ስጠይቀው የመጀመሪያ ቃሉ «ሙዜ፣ እነዚያ የፋብሪካ ሰዎች ገደሉኝ» ነበር። እኔም «ገደሉህ» አልኩ።

አሥራ አንድ ዓመት አብረን ረገምናቸው። እግሩ ድኖ በሜዳ ይሄዳል፣ ደረጃ ብቻ ነው የሚያስቸግረው፤ ከጫካ ያስቀረው ፍርሃቱ ነው። የድርጅቱ መጋዘን ጠባቂ ሆነ። ሌላ ዓይነት ጠመንጃ ሰጥተውት ነበር፣ እጁ አልቀበል አለ፤ ከወጣትነቱ ጀምሮ የያዘው ባለቀለበቱን ነዋ። ሰው እግሩን ሲጠይቀው ያችን ታሪክ ያወራል፤ ሲያበቃ ወደ እኔ ይዞርና «አይደለም እንዴ ሙዜ?» ይላል፣ እኔም «ነው» እላለሁ።

በዚህ መሃል ያ በሽታ መጣ። ከተማው ተዘጋ፣ ቦዳዎቹ ሰው እንዳይጭኑ ተከለከሉ፣ እንግዳ የሚባል ጠፋ። ታዲያ በዚያው ዓመት ሙካሳ ስልክ ደወለልኝ።

«ሙዜ፣ ሰማህ? ያ ፋብሪካ ከሰረ። ሌላ ድርጅት ስሙንም፣ ማሽኑንም፣ ንድፉንም ገዛው። ጠመንጃው መሠራቱ ቆሟል።»

«ደግ ሆነ» አልኩት። «እግዜር ፈረደ።»

የቆመ ነገር ቆሞ የሚቀር መስሎን ነበር። አዲሶቹ ገዢዎች ግን አልቸኮሉም። እያንዳንዱን ክፍል ከንድፉ ጀምረው አስተካከሉት አሉ፤ አንድ ዓመት አለፈ፣ ሁለተኛው ሲጋመስ ያው ጠመንጃ በድሮ ስሙ ብቅ አለ። እንግዶችም ካምፓላ መመለስ ጀምረው ነበር። የአደን ድርጅቱ አዲስ ሥራ አስኪያጅ ሚስ ናካቶ ትባላለች፤ ብልህ ሴት ናት፣ ስትናገር ትንፋሽ አትሰጥም። የፖሊስ ፈቃዱን ጨርሳ አንዱን አስመጣች። «ጫካውን እንደ ሙካሳ የሚያውቅ ሰው የለኝም፣ መጋዘን ውስጥ ሲያረጅ አላይም» አለች። ሙካሳ ምን አላት? «ሙዜ ፈትቶ አይቶት ደህና ነው ካለ እወጣለሁ። ካላለ መጋዘኔ ይሻለኛል።»

እንግዲህ የሰው ሕይወት እኔ አፍ ላይ ተንጠለጠለ።

ናካቶ አዲሱንም አመጣች፣ አሥራ አንድ ዓመት የተቆለፈበትንም አሮጌ አመጣች። «አወዳድራቸው» ብላኝ ሄደች። ሁለቱን ፈትቼ ነጭ ጨርቅ ላይ ደረደርኳቸው፣ ቆጠርኳቸው፣ እኩል ናቸው። የአዲሱ እንጨትና ብረት የተገጣጠመበት ቦታ ጥፍር አያስገባም። ቀለበቱ ግን ይከብዳል፣ ገና ጥሬ ነው። እጄ ሳላዘው ሞረዱን አነሳ። ልምድ ነዋ። ሞረዱን ላሳርፍ ስል የቀለበቱን ጫፍ አየሁት፤ ክብ ነው፣ እንደ አውራ ጣት። የአሮጌውን አነሳሁ፤ እንደ ቢላ ስለት አውጥቷል። ምላሷን አነሳሁ፤ አይጥ እንደቀመሰው ዳቦ ጎኗ ተበልቷል። ያ ስለት በየግፊቱ ምላሷን ሲበላ፣ ሲበላ ኖሮ፣ በመጨረሻ በቆረጠው ጉድጓድ ውስጥ ተቀርቅሮ ቀርቷል።

«አየህ፣ ስለት አድርገው ሠሩት» አልኩ ለራሴ። ደስ አለኝ፣ አልዋሻችሁም። ከዚያ መነጽሬን አጥልቄ ብርሃን አስጠጋሁ። የማሽን ጭረት ቀጥ ያለ ነው። ይህኛው ያዘነበለ ነው፤ ወደ ግራ። እኔ ግራኝ ነኝ። ሙሴ አጎፕ «ተካ፣ ሞረድህ እንደ ሰካራም ወደ ግራ ያጋድላል» ይሉኝ ነበር። ክብ ሆኖ የመጣውን ጫፍ እኔ ነኝ ጠፍጥፌ ስለት ያወጣሁበት። ጭረቱን መቁጠር አላስፈለገኝም፤ ቁጥሩን አውቀዋለሁ።

እነዚያ ሰዎች ሻካራ ሠርተዋል፣ እሱን አልክድም። ግን ሻካራው የሙካሳን እግር አልሰበረም።

ማታውን ናካቶ መጣችና «እህ? የአሮጌው የፋብሪካው ጥፋት ነው፣ አይደል?» አለችኝ። አስቡት። የድሮዎቹ ባለቤቶች የሉም፣ ስሙ በሌላ ሰው እጅ ነው፣ ማን ይከራከረኛል? «ነው» ብል ማን ያውቅብኛል? እና የሃያ ሰባት ዓመት ስሜስ?

«አራት ቀን ስጪኝ» አልኳት።

«ለሁለት ጠመንጃ አራት ቀን?»

«ለጠመንጃዎቹ አንድ ሰዓት በቅቷል። የቀረው ለእኔ ነው።»

በአራተኛው ቀን ቦዳ ይዤ ማኬሬሬ ኮረብታ ሄድኩ፤ ሙካሳ እዚያ ተዳፋቱ ላይ ነው የተከራየው። እስከ በሩ ሠላሳ አንድ ደረጃ አለ። ስንት ጊዜ ወጥቼዋለሁ፣ ያን ቀን ግን ስቆጥረው በእሱ እግር ቆጠርኩት። በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ ሬዲዮ ያዳምጣል። ሬዲዮኑን ዝጋልኝ አልኩትና፣ ሳልቀመጥ፣ አንድ ሳላስቀር ነገርኩት። ስለቱን፣ ምላሷን፣ ያዘነበለውን ጭረት።

«ስንት ምት ነበር?» አለኝ። ያውቀኛላ።

«ስልሳ።»

«ስንት ቢሆን ይበቃ ነበር?»

«ምንም። አንድም አያስፈልገውም ነበር።»

«አሥራ አንድ ዓመት ‹አይደለም እንዴ› ስልህ ‹ነው› ትለኝ ነበር።»

«አላወቅኩም ነበር ሙካሳ።»

«አላየህም ነበር በል። ለማየት መፍታት ነበረብህ፤ የራስህን ሥራ ሊፈትሽ እጅህ ሰነፈ።» እግሩን በእጁ አንስቶ አዞረው፣ ሲቀመጥ እንደሚያደርገው። «አዲሱስ? ቀለበቱ እንዴት ነው?»

«ይከብዳል። ሻካራ ነው።»

«አለስልሰኸዋል?»

«አልነካሁትም።»

«ማልልኝ።»

ማልኩለት።

«እንግዲያው እወስደዋለሁ» አለ። እኔ እንባዬ መጣና እጁን ልይዝ ስል ወደ ኋላ ሳበው። «ቆይ ሙዜ። ይቅር ብዬሃለሁ አላልኩም። ጠመንጃውን እወስደዋለሁ ነው ያልኩት።»

እና ወሰደው። ለናካቶም እውነቱን ነገርኳት፤ ሰምታ ስታበቃ አሮጌውን ከፊቴ አነሳችና ሄደች። ሙካሳ ጫካ ገባ፣ እኔ ሱቄ ቁጭ ብዬ ቀን ቆጠርኩ። በሠላሳ ስምንተኛው ቀን ሱቄ በር ላይ ቆመ፤ አንከስ እያለ፣ ግን ቆሟል። ጥይት የሌለውን ጠመንጃ ዘርግቶልኝ «ግፋው» አለኝ። ገፋሁት። ወረደ፤ እንደ ቅቤ።

ደነገጥኩ። «ማን ሞረደው?»

«ማንም። እኔ ነኝ፣ በየቀኑ እያወረድኩ፣ እየመለስኩ። ብረቱ ራሱ የሚለሰልስበትን ቦታ ያውቃል ሙዜ፤ የማያውቀው ሞረድህ ነው» አለና ተቀመጠ። ሻይ ልዘዝ ስለው «እዘዝ» አለኝ። ይቅርታው ያ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አልጠየቅኩትም፤ እሱን ብቻ አልቆጥርም።

እንግዲህ ፋብሪካውን የገዙት ሰዎች ከሙሴ አጎፕም ከእኔም የበለጠ ያወቁት ይህችን ነው መሰለኝ፤ የድሮውን ሲያነሱ ምኑን መንካት፣ ምኑን መተው እንዳለባቸው። ስሙን ገዙ፣ የእኔን ጥፋት ግን አብረው ተሸክመው ኖሩ፣ ሳያውቁት። አሁን አወረድኩላቸው። ስለዚህ አልማዝ፣ ወፍጮሽን አልሞርድም። ፍጪበት፤ ራሱ ይለሰልሳል።

«ስንት ኪሎ በርበሬ ከፈጨሁ በኋላ ጋሼ?»

እሱን አንቺ ቁጠሪና ንገሪኝ።

«ቆጠራውስ የእርስዎ ነው» አለች አልማዝ፣ አሁን ፊቷን ወደ እኔ መልሳ፤ «እኔ ጆሮዬ ላይ ጥጥ አደርጋለሁ።»