ለዳቦ ቤት የተሰጡት ዘጠኝ ሳህኖች

ታላቅ ወንድሜን ለመሸኘት ሥራችሁን ፈትታችሁ የመጣችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ ብድራችሁን ፈጣሪ ይክፈልልን። የሕይወት ታሪካቸውን እንዳነብ የተመረጥሁት እኔ ታናሻቸው ነኝ፤ ከእሱ ይበልጥ የሚያውቃቸው የለም ተብሎ ነው። ማወቁንስ አውቃቸዋለሁ፤ የሚገባኝ መሆን አለመሆኑን ግን ሰምታችሁ ፍረዱ።

ወንድማችን የዛሬ ሰባ አንድ ዓመት ከግንበኛ አባታቸውና ከልብስ አጣቢ እናታቸው የመጀመሪያ ልጅ ሆነው ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል በጥሩ ውጤት ከተማሩ በኋላ፣ አባታችን ከሥራ ላይ ወድቀው ወገባቸው በመጎዳቱ፣ የደብተር ቦርሳቸውን ለእኔ አስረክበው መኪና አጣቢ ሆነው ተቀጠሩ። እኔ ተምሬ ሰው የሆንሁት በእሳቸው ትከሻ ነው።

ቆይተውም መንጃ ፈቃድ አውጥተው፣ የከተማ አውቶቡስ ለሠላሳ አንድ ዓመት ሲነዱ አንድም ሰው ሳይገጩ፣ የተሳፈረ አዛውንት ሳይቀመጥ አንድ ቀን እንኳ መኪናውን ሳያስነሡ፣ በጡረታ ተሰናበቱ። ዝግታቸው ያማረራቸው ተሳፋሪዎች «አባ ቀስ» የሚል ስም አውጥተውላቸው ነበር፤ እሳቸውም ስሙን ወደዱት እንጂ አልተቀየሙም። በዚያው መስመር በየማለዳው ወደ ልብስ ስፌት ቤታቸው ይመላለሱ የነበሩትን ተሳፋሪ አግብተው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ አፈሩ። ባለቤታቸው ሲቀልዱ፣ ሦስት ዓመት በየቀኑ በመስተዋት ሲያዩኝ ኖረው ነው አፋቸውን የከፈቱት ይላሉ።

ጡረታ ከወጡ በኋላ እጃቸው ሥራ ፈትቶ አላስቀምጥ ስላላቸው፣ ከአንድ የቤት ዕቃ ሠሪ አሮጌ የእንጨት ቶርኖ ገዝተው ጓሮ ካለው ዕቃ ቤት ተከሉ። ወንበር ሊሠሩ ነው ስንል የእሳቸው ነገር ጎድጓዳ ሳህን ብቻ ሆነ። ከመንገድ ዳር የተቆረጠ ግንድ ለምነው ያመጣሉ፤ በሚሽከረከረው እንጨት ላይ መሮውን አስደግፈው ሲገፉ ፍቅፋቂው እየተጠቀለለ ጢማቸው ላይ ይሰካል፤ እንደዚያው ሆነው ለምሳ ይመጣሉ። አንዱንም አልሸጡ፤ ለጎረቤት፣ ለዘመድ፣ ለቀድሞ ባልደረባ ሰጡ። የመጀመሪያው የደረሰው ለእኔ ነበር። እኔም ሾርባ ቢጨምሩበት ያፈሳል ብዬ ሰው ፊት ቀለድሁበት።

የደጃቸው ዛፍ ለመንገድ ማስፊያ ተብሎ በተቆረጠ ጊዜ፣ ከሥሩ ብስክሌት የተማረችው ሴት ልጃቸው አለቀሰች። አባትም ለሠርግሽ ከዚሁ ግንድ ሳህን አወጣልሻለሁ ብለው ቃል ገቡላት።

ባለፈው ዓመት ጉበታቸውን ታመው ሆስፒታል ተኝተው ሳለ፣ እኔ ላስደስታቸው ብዬ፣ እጄን በቆረጠው፣ ዕቃ ቤቱን ላጸዳ ገባሁ። መደርደሪያው ላይ በካርቶን ውስጥ፣ በፍቅፋቂ ተቀብረው፣ እንደ ጡብ የወፈሩና የተንጋደዱ ዘጠኝ ሳህኖች አገኘሁ። የአንዱ ቂጥ ላይ በእርሳስ የተጻፈ ነገር ነበረበት፤ መነጽሬን ለማውጣት ሰንፌ ሳላነበው ቀረሁ። የተበላሹ መስለውኝ ሳቅሁ። ሰብስቤም ለጎረቤቱ ዳቦ ጋጋሪ ለምድጃ ሰጠሁት። እሱም አመስግኖ ሁለት ትኩስ ዳቦ ሰጠኝ፤ በላሁት።

ወንድሜ ሲመለሱ ክንዳቸውን ይዤ የጸዳውን ክፍል በኩራት አሳየኋቸው። ባዶውን መደርደሪያ ብዙ ቆይተው አዩና፣ ደህና አድርገሃል፣ ቤቱ ሰፋ አሉኝ። ቶርኖውን የሸጡላቸው ሰው ሊጠይቋቸው መጥተው፣ ስሸኛቸው በር ላይ፣ የልጅቱን ስም በእርሳስ የጻፉበት የሠርግ ሳህን ደረቀ ወይ ብለው ጠየቁኝና ነው ጉዴን ያወቅሁት። እርጥብ እንጨት መጀመሪያ በወፍራሙ ይወጣል፤ በፍቅፋቂው ተቀብሮ ለወራት እየተንጋደደ ይደርቃል፤ ከዚያ ተመልሶ ቶርኖ ላይ ሲወጣ ነው ሳህን የሚሆነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ያፈሰስሁት ግን በዳቦ ቤቱ ጭስ ማውጫ ወጥቶ ሄዷል።

ይቅርታ ልጠይቅ ዛሬ ነገ ስል የሠርጉ ቀን ደረሰ። ወንድሜ ከሱቅ የተገዛ የብርጭቆ ዕቃ ይዘው ቀረቡ። ሙሽራዋ ዓይኗ እንባ አቅርሮ፣ «አባዬ፣ ለጎረቤት ሁሉ ስትሠራ ለእኔ ጊዜ አጣህ?» አለቻቸው።

«ተሰነጠቀብኝ፣ ልጄ። ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ።

እኔ ከጎናቸው ነበርሁ፤ ሹካዬን እንደያዝሁ አቀረቀርሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። መከፈት የነበረበት ግን አፌ ነበር፤ እሱም አልተከፈተም። ከዚያ ወዲህ ልጅቱ ወደ አባቷ ቤት እግሯ አጠረ። ወንድሜም አንድ ቀን እንኳ በክፉ ዓይን ሳያዩኝ ነገሩን በሆዳቸው ያዙት።

ሕመሙ ተመልሶ ሲጠናባቸው ሦስት ሳምንት አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ ስለ ዝናብና ስለ ፀሐይ አወራኋቸው። ባለፈው ሐሙስ ጠዋት፣ ባለቤታቸው እጃቸውን እንደያዙ፣ በቤታቸው ዐረፉ። ትናንት ለቤተሰቡ ባነበብሁት ጽሑፍ ላይ «በጤና ምክንያት የእንጨት ሥራቸውን ተዉ» የሚል መስመር ነበር። እሱን ሰርዤ ነው ይህን የጻፍሁት።

ወንድማችን ባለቤታቸውን፣ ወንድ ልጃቸውንና ሁለት ልጆቹን፣ ሴት ልጃቸውን፣ እኔንም ትተው ሄደዋል። የታገሡንን ያህል ፈጣሪ ይታገሣቸው፤ ነፍሳቸውንም ድካም በሌለበት ያሳርፍልን።

አንቺ ልጄ፣ አባትሽ ቃላቸውን አልበሉም። ሳህንሽን ለምድጃ የሰጠሁት እኔ ነኝ።