ካራቆሬን እስክናልፍ

በጣሊያን ጊዜ፣ ከሸዋ ሮቢት ወደ ደሴ በሚሄድ የጭነት ካሚዮን ላይ አንዲት ባልቴት አጠገቤ የተቀመጠውን ጎልማሳ በጥያቄ ያዙት።

“ልጄ፣ ሬሳ ነው እንዴ በጋቢ የሸፈንከው?”

“ኧረ አባቴ ናቸው እናቴ፣ በሕይወት አሉ።”

“ታዲያ ፊታቸውን ግለጥላቸው እንጂ!”

“ራሳቸው ናቸው ሸፍነኝ ያሉኝ።”

“ምነው?”

“የካራቆሬው ቤታችን ከተቃጠለ ወዲህ ሸዋ ሮቢት ዛፍ ሥር ነበርን። ደሴ አቅም ያጡ ሽማግሌዎችን የሚጦሩ ሐጂ አሉ ሲሉኝ ወደዚያ እየወሰድኳቸው ነው።”

“መሸፈኑስ?”

“ዕድሜያቸውን ሙሉ የካራቆሬን ሰው ሲያስታርቁ ኖረዋል። ‘ሰው ቤት ልጦር ስሄድ አገሬ አይየኝ’ አሉ።”

ካራቆሬ ስንቆም ባልቴቷ አንሾካሾኩ።

“እግራቸው ታየ፣ ቶሎ ሸፍን።”

አንድ ገበያተኛ ጎልማሳውን አውቆት ከታች ተጣራ።

“አባባ ደህና ናቸው?”

“አልሐምዱሊላህ፣ ዘመድ ቤት ናቸው።”

ጋቢው ሲንቀጠቀጥ አይቼ ፊቴን ከመንገዱ ዳር ወዳለው የማሽላ ማሳ አዞርኩ።