መሪየም ሻምፒዮን አይደለችም

የሻርጃው አል ናህዳ ሰፈር ውስጥ፣ የኮሮና ጊዜ፣ ሊፍት ላይ መገናኘት ማለት ጀርባ ለጀርባ መገናኘት ማለት ነበር። ወለሉ ላይ የእግር ምልክት ተለጥፏል፤ አንዱ ወደዚህኛው ግድግዳ፣ ሌላው ወደዚያኛው ዞሮ ይቆማል፤ ሰላምታውንም ለግድግዳው ነው የሚሰጠው። ሩታ ዳቦ ልትገዛ ስትወርድ ሊፍቱ መሀል ላይ ቆመና ሰው ገባ። ዞራ ማየት አላስፈለጋትም። በዚያ ዘመን ሊፍት ውስጥ ጉሮሮውን በሙሉ ልብ ጠርጎ "አሰላሙ አለይኩም" ለማለት የሚደፍር ሰው ጋሽ ኢድሪስ ብቻ ናቸው።

ጋሽ ኢድሪስ የወሎ ሰው፣ የሐይቅ ልጅ፣ ሻርጃ ውስጥ የውሃ ማከፋፈያ መኪና ሲነዱ ጢማቸው የሸበተ፣ የሩታ እናት "ከዘመድ የሚበልጥ ጎረቤት" የምትላቸው ሰው ናቸው። ሩታን ያስደነገጣት ግን የእሳቸው መግባት አይደለም። በሩ ሲዘጋ መስታወቱ ላይ ትንሿ ልጃቸው መሪየም ታየቻት፤ ጫማዋ አዲስ፣ ዓይኗ ከማስኩ በላይ በለቅሶ ያበጠ፣ እጇ ላይ ሻንጣ።

ወዴት እንደሆነ ጠየቀቻቸው።

"አጅማን፣ አል ጁርፍ፣ ወዳጄ ዘከሪያ ዘንድ" አሉ ጋሽ ኢድሪስ ለግድግዳው። "እሱ ነገ ሀገር ቤት ይገባል፤ መሪየምን ይዞልኝ ይሄዳል። እህቴ ሀሊማ ታሳድጋታለች።"

"እና ትምህርቷስ?"

"ትምህርት ኸላስ፣ አብቅቷል ልጄ። ቀለም የማይዘልቃትን ልጅ ምን ላድርጋት?"

በቃ፣ የሩታ ደም ፈላ። ምክንያቱም ሩታ መሪየምን ከማንም በላይ ታውቃታለች። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ክፍሉ ሁሉ ታብሌት ውስጥ ሲገባ፣ የመሪየም እናት ሰዓዳ ዱባይ በምትሠራበት በማዳሟ ቤት ተዘግቶባት ነበር፤ ማዳም ኮሮና ፈርታ ሠራተኛ ወጥቶ አይገባብኝም ብላለች። ስለዚህ መሪየምን ጠዋት ጠዋት ታብሌቱ ፊት የምታስቀምጣት ሩታ ሆነች፤ ጉዱንም ያየችው ያኔ ነው። አስተማሪዋ ተረት ስትነግራት አንዲት ነገር አታመልጣትም፤ የጅቡን በጅብ ድምፅ፣ የንጉሡን በንጉሥ ድምፅ አድርጋ ትደግመዋለች። አንብቢ ስትባል ግን ትናንት ያነበበችው ቃል ዛሬ እንግዳ ይሆንባታል። ድሮ ከኋላ ወንበር ተደብቃ ታመልጥ ነበር። ስክሪን ላይ መደበቂያ የለም። ክፍሉ በሙሉ እየሰማ ትንተባተባለች፣ አንዱ ይስቃል፣ እሷ ማይኩን ታጠፋለች። አባቷም ስታነብ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰሟት በዚያው ስክሪን ነው።

ሩታ ዳቦውን ረሳችው። ለእናቷ የድምፅ መልእክት ልካ እኔም እሸኛታለሁ አለች። ጋሽ ኢድሪስ መሰነባበቻ መስሏቸው ደስ አላቸው፤ መርቀው መኪናቸው ውስጥ አስገቧት። ምን እንደጫኑ አላወቁም።

ከአል ናህዳ በመኪና ለመውጣት የሚፈጀውን ጊዜ የሚያውቅ ያውቀዋል። ክርክር ለመጀመር፣ ለመኳረፍና እንደገና ለመታረቅ ይበቃል። ሩታ ከኋላ ከመሪየም ጎን ሆና የመጀመሪያው ቀይ መብራት ላይ ጀመረች፤ በትህትና ነው የጀመረችው፣ እናቷ ያሳደገቻት እንደዛ ነውና። የመሪየም ትምህርት ቤት ውስጥ ማንበብ የሚከብዳቸውን ልጆች የምታግዝ አስተማሪ እንዳለች፣ ለመምህርቷ ጽፋላት ከመሪየም ጋር በስክሪን እንዳገናኘቻቸው ነገረቻቸው። መምህርቷም በደንብ መመርመር አለባት፣ ምልክቱ ግን ዲስሌክሲያ የሚባለው የማንበብ ችግር ይመስላል ማለቷን ነገረቻቸው።

ጋሽ ኢድሪስ ሳቁ። የሩታን ጆሮ ጭስ ያስወጣውም ያ ሳቅ ነው።

"ዲስሌክሲያን አውቀዋለሁ" አሉ። "ፊልሙን አይቼዋለሁ።"

ፊልሙ በቴሌግራም በአማርኛ ተተርጉሞ የተለቀቀ ነው። ቤት መቀመጥ ሰውን ሁሉ ፊልም ተመልካች ባደረገበት ሰሞን ጋሽ ኢድሪስም አዩት። ማንበብ ያቃታት አንዲት ልጅ አለች፤ ሰነፍ ይሏታል፣ ይቀጧታል፤ በኋላ አንድ ደግ ሰው ይመጣና የቼዝ ሊቅ መሆኗ ይታወቃል፤ መጨረሻ ላይ ዋንጫ ታነሳለች፣ አዳራሹ ቆሞ ያጨበጭባል፣ አባትየው ያለቅሳል። ጋሽ ኢድሪስም አለቀሱ። ዋላሂ የኔም ልጅ እንደዚች ናት ብለው ለሰዓዳ ደወሉ። በማግስቱ ቼዝ ገዝተው መጡ፤ ራሳቸው ከዩቲዩብ ተምረው መሪየምን አስቀመጧት። መሪየም ከቼዙ የወደደችው ፈረሱን ብቻ ነው። ወታደሮቹን ሳር ነው እያለች ታበላዋለች።

"ጠበቅኳት" አሉ ጋሽ ኢድሪስ፣ ድምፃቸው አሁን አይስቅም። "ቼዝ እንቢ ሲል ሥዕል ነው አልኩ፤ ቀለም ገዛሁ። እንቢ። ሩጫ ነው አልኩ፤ ፓርክ ሲከፈት ወሰድኳት፤ ቁጭ ብላ ድመት ስታይ ዋለች። ዲስሌክሲያ ያለበት ልጅ አላህ አንዱን ከልክሎ ሌላውን ይሰጠዋል። የኔዋ የተሰጣት የለም። ስለዚህ የሷ ዲስሌክሲያ አይደለም፣ ስንፍና ነው። ለስንፍና ደግሞ ሀገር ቤት ሸኽ አለ፣ አለንጋ አለ።"

እስቲ አሁን ይህን ሰምቶ የማይናደድ ሰው ይኑር። ሩታ ተናደደች፣ ግን ከሁሉ በላይ የተናደደችው በፊልሙ ነው። ይሄን ደግ ሰው፣ ልጁን የሚወድ፣ ከሥራ ደክሞ መጥቶ ስለ ቼዝ ያጠና አባት እንዲህ ብሎ እንዲያስብ ያስተማረው ማን ሆነና! ያቺ ልጅ ባትደነቅ ኖሮ ፊልም አይሠሩላትም ነበር። ያለ ዋንጫ አታሳዝንም። ሁለት ሰዓት ሙሉ አልቅሳችሁ ስታበቁ የገባችሁ ነገር ምንድን ነው? ማንበብ ያልቻለ ልጅ ሊቅ ከሆነ ይማራል፤ ሊቅ ካልሆነ ይገረፋል።

ይህንኑ፣ ትንሽ ብቻ አለዝባ፣ ለጋሽ ኢድሪስ ነገረቻቸው። ዲስሌክሲያ ስጦታ እንዳልሆነ፣ እርግማንም እንዳልሆነ አስረዳቻቸው። የመሪየም ዓይን ደህና ነው፣ አእምሮዋም ደህና ነው፤ ፊደሉን ከድምፁ የሚያገናኘው መንገድ ነው ለሷ ዳገት የሆነባት፤ አብሯት የተወለደ እንጂ ከቡዳ ወይ ከጅን የመጣ አይደለም፤ አለንጋ ደግሞ ዳገት አይደለድልም። አንዳንዱ ዲስሌክሲያ ያለበት ልጅ ጎበዝ ሰዓሊ ይሆናል፣ አንዳንዱ አይሆንም፣ ልክ እንደሌላው ሰው።

"ሀሊማ ጋ ቢልኳትም" አለች በመጨረሻ፣ "ዲስሌክሲያው ቪዛ ተከልክሎ እዚህ አይቀርም። አብሯት ነው የሚሳፈረው።"

የጋሽ ኢድሪስ ፊት በራ።

"ቆይ፣ ቁርአን በጆሮዋ ሰምታ ቶሎ ትይዛለች። ሙሉውን በቃሏ ይዛ ሀፊዝ ትሆን ይሆን? ስጦታዋ ያ ይሆናል እኮ።"

"ጋሽ ኢድሪስ፣ ይኸው ደግሞ ፊልሙ ውስጥ ገቡ።"

መሪየም በማስኳ ውስጥ ሳቀች። ጋሽ ኢድሪስም ሊስቁ ነበር፤ ግን አባት ናቸውና ሳቁን በሳል ዋጡት። ከዚያ ጉዳዩን በአዋቂ ሚዛን አስቀመጡት። ሁሉም ልጅ እኩል መጽሐፍ፣ እኩል ሰዓት ይሰጠዋል፤ ለአንዷ ብቻ ሌላ አስተማሪ፣ ሌላ ጊዜ፣ ሌላ ዘዴ ማለት ማሞላቀቅ ነው፣ ፍትሕም አይደለም አሉ።

ሩታ ለዚህ ከመምህርቷ የሰማችው መልስ ነበራት፤ ረጅም መልስ ነው፣ ግማሹም እንግሊዝኛ ነው። አፏ ላይ የመጣው ግን ሌላ ነው።

"መንጃ ፈቃድ እንዴት ነው ያወጡት?"

ይሄን ጥያቄ ኢማራት ውስጥ ለሹፌር መጠየቅ ሰርግህ እንዴት ነበር እንደማለት ነው፤ ይፈታል። ጋሽ ኢድሪስ ደጋግመው መውደቃቸውን፣ ፖሊሱ ገና ቀበቶ ሳያስሩ "ያላ ውረድ" እንዳላቸው ተረኩ። የወረቀቱንስ ፈተና ስትላቸው፣ ያን አልወደቅኩም አሉ በኩራት። ትምህርት ቤት ስላልገቡ ማንበብ አይችሉም፤ ፈተናውን በሄድፎን አዳመጡት፤ ጥያቄው በዐረብኛ ይነበብላቸዋል፣ እሳቸው መልሱን ይነካሉ። ሕጉን በየሶላቱ እንደሚደግሙት ፋቲሃ ያውቁት ነበር።

"ሄድፎኑን ሲሰጡዎት ማሞላቀቅ ነው ያለ ሰው ነበር?"

"ለምን ይላል? ሕጉን አውቃለሁ እኮ።"

"መጀመሪያ የመኪና ውድድር አሸንፈህ ዋንጫ አምጣ፣ ከዚያ ሄድፎን እንሰጥሃለን ያለዎትስ?"

ጋሽ ኢድሪስ ግን ክርክሩን አልተዉም። እኔ ትምህርት ቤት ስላልገባሁ ነው፣ እሷ ግን ገብታለች አሉ።

"ገብታለች" አለች ሩታ፣ አሁን ትህትናው ተሟጧል፣ "ግን በሚገባት መንገድ ያስተማራት የለም። ድምፁን ለብቻ፣ ፊደሉን ለብቻ፣ በጣቷ አሸዋ ላይ እየጻፈች፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየደገመች፣ ያለ ሳቅ፣ ያለ ዱላ ተምራ አታውቅም። እስካሁን ያስተማሯት መደበቅ ብቻ ነው። እሱን ግን ጎበዝ ሆናለች። እሱም ተሰጥኦ ከተባለ።"

ሩታ አበዛሁት ብላ ይቅርታ ልትጠይቅ ነበር። የቀደመቻት ከሊፍቱ ጀምሮ አንዲት ቃል ያልወጣት መሪየም ናት።

"እኔ አነባለሁ እኮ አባ" አለች። "ግን ሳልጨርስ ሁልጊዜ ሌላ ሰው ይጨርስልኛል።"

ጋሽ ኢድሪስ በመስታወቱ አዩዋት። ማስካቸውን ወደ ላይ ሳብ አደረጉት፤ ሩታም ወደ መስኮቱ ዞረች፤ የሰው አባት ሲያለቅስ አይታይም።

አል ጁርፍ ሲደርሱ ዘከሪያ ግቢው በር ላይ ካርቶን በፕላስተር እያሰረ ነበር። የመሪየምን ሻንጣ ሊቀበል እጁን ዘረጋ። ጋሽ ኢድሪስ ሻንጣውን አልሰጡትም፤ ልጅቷ አትሄድም፣ አስቸገርኩህ፣ አፉ በለኝ አሉት። ዘከሪያ ገረመውና፣ አንተ ራስህ ስንፍናዋ አስመርሮኛል ብለህ አልነበር፣ ይኸ ነገር ጅንም እንዳይሆን አለ። ሩታ መልስ ልትሰጠው የመኪናውን በር ከፈተች። ተቀደመች።

"ጅን አትበል" አሉ ጋሽ ኢድሪስ፣ ጎረቤት እንዲሰማ አድርገው። "ስንፍና ያልኩት እኔ ነኝ፣ ያልኩትም ሳላውቅ ነው። ልጄ ዳገቱ በዝቶባት ነው። ትመረመራለች። አስተማሪ ታግዛታለች፣ ማታ ማታ እኔ አጠገቧ እቀመጣለሁ፤ ፊደሉን እኔም ከሷ እማራለሁ። ፈተና ላይ ጊዜ ይጨምሩላት ብዬ ትምህርት ቤቱን እጠይቃለሁ፤ እንቢ ካሉ እንደገና እጠይቃለሁ። ቀስ ብላም ቢሆን ታነባለች። የሚያነብ ሰው የመድኃኒቱን መጠን ያውቃል፣ የሥራ ውሉን ሳያይ አይፈርምም፣ ማንም አያታልለውም። እናቷ ውሏን ብታነብ ኖሮ ያን ሁሉ ወር እማዳም ቤት ተዘግታ ትከርም ነበር? የምፈልገው ይኸው ነው። ዋንጫው ለዋንጫ ፈላጊ ይሁን።"

ዘከሪያ ፕላስተሩን በጥርሱ እንደያዘ ቀረ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ የራሱም ልጅ ከሚሴ ውስጥ ሁለት ጊዜ ክፍል መድገሙን ተናገረና፣ ያቺ አስተማሪ ስሟ ማን ነው አለ። ሩታ ስልኳን አወጣች።

መመለሻው ላይ በጠባቡ የሰፈር መንገድ ሲወጡ መሪየም ከመስኮቱ ተጠግታ ነበር። ከአንዲት ትንሽ ሱቅ በላይ በዐረብኛ የተጻፈ ሰሌዳ አለ። ማንም አንብቢ አላላትም። ጣቷን መስታወቱ ላይ አድርጋ ጀመረች።

"ባ…"

ጋሽ ኢድሪስ የመኪናውን ፍጥነት ቀነሱ። እኚህ ሰው መብራቱ ገና አረንጓዴ ሳይሆን የፊተኛውን ሰው በጥሩምባ የሚያጣድፉ ናቸው። አሁን ሊቆሙ ምንም አልቀራቸውም።

"ባ… ቃ…"

ሩታ ቃሉን ታውቀዋለች፤ አፏ ላይ ነው፤ ከንፈሯን ነከሰች። ከኋላ አንድ ፒክአፕ ጥሩምባ ነፋ። ቀጥሎ ሌላ። ሦስተኛው አንገቱን አውጥቶ ይሰድባቸው ጀመር። ጋሽ ኢድሪስ መስኮታቸውን ዘጉና መኪናውን ጨርሰው አቆሙት።

"ይጩኹ" አሉ። "ልጄ እያነበበች ነው።"

መሪየም ጣቷን አላነሳችም። ጥሩምባው ሁሉ እየጮኸ፣ የሦስቱንም ትንፋሽ ይዛ፣ ፊደሉን ፈልጋ አገኘችው።

"…ላ። ባቃላ። ሱቅ ማለት ነው አባ።"

"አዎ" አሉ ጋሽ ኢድሪስ፣ ማርሽ እያስገቡ። "ሱቅ ማለት ነው።"