ሲሳይ የተሸከመልኝ ጥፋት

የተከበራችሁ አባቶቻችን ካህናት፣ እናቶቼ፣ የእድራችን ሰዎች፣ ከእብናት ድረስ በጠዋት ተነስታችሁ የመጣችሁ ወገኖቼ፣ እግዜር ያክብርልኝ። ይርጋ እባላለሁ። ከሲሳይ ጋር እዚሁ ደብረ ታቦር በአንዲት ጠባብ ሱቅ አሥራ አንድ ዓመት ስፒከር ሠርተናል። በሦስት ቀን ሕመም ተነጠቅን። ምን ልበል? ምን ይባላል?

ሲሳይ ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ የአልሙኒየም ጥብጣብ ትንፋሹን ይዞ ሲያጥፍ ያላየ ማን አለ? "ማስነጠስ የፈለገ ደጅ ይውጣ!" ይል ነበር። ስንቶቻችሁን አስወጣ! ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ያ ጥብጣብ ነው። ወፍራሙን ሌላ ትልቅ ስፒከር ያወጣዋል። ሲሳይ ድምፁን አስቀድሞ በኮምፒውተር ይከፍለዋል፤ ለቀጭኑ የራሱ ማጉያ፣ ለወፍራሙም የራሱ ማጉያ። "ለሁሉም የአቅሙን ስጠው፣ ይርጋ" ይለኝ ነበር።

መሪጌታ ሙላቴ እዚህ አሉ። አንድ ቀን ዜማቸውን በዚያ ስፒከር ሰሙ። "በሞንታርቦው ስሰማው ጋን ውስጥ የገባሁ ይመስለኝ ነበር፤ ይኸ ግን እኔው ነኝ" አሉ። ሲሳይ ያን ቀን ደስታው አጥግቦት ምሳ አልበላም።

አሁን ሆዴን የሚበላኝን ልናገር።

የእብናት ሰዎች፣ የዛሬ ሦስት ዓመት የነበረውን ንግሥ ታስታውሳላችሁ። ሲሳይ ገመድ ሊዘረጋ ዞር ሲል አንድ ሰው "ድምፁ ሳሳ፣ አወፍረው እንጂ" አለኝ። እኔም ሲሳይን ሳልጠይቅ፣ ቀጭኑና ወፍራሙ ድምፅ የሚለያዩበትን የኮምፒውተሩን ቁጥር ከሁለት ሺህ ወደ ሦስት መቶ አወረድኩት። ወፍራሙን ድምፅ በዚያ ስስ ጥብጣብ ላይ ለቀቅኩበት። ከበሮው አንዴ ተመታ። ሁለቴ ተመታ። ጥብጣቡ ተበጠሰ። የመዘምራኑ ቃል ጠፋ፤ ጉምጉምታ ብቻ ቀረ።

አያ ጌጡ፣ እዚያ ከእብናት ሰዎች መሃል ቆመው አይዎታለሁ። "በበዓላችን ቀለድክብን!" ብለው በሕዝብ ፊት ተቆጡት። ሲሳይ ቁጥሩን አየ። እኔን አየኝ። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ፣ "ይቅር በሉኝ አባቴ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው" አለ።

ስንመለስ መኪና ውስጥ "ለምን አልነገርካቸውም?" አልኩት።

"አንተ ትናገራለህ ብዬ ነው" አለኝ።

ዳግመኛ አላነሳብኝም። እኔም አልተናገርኩም። ዛሬ ነገ ስል ሦስት ዓመት ሞላ። እብናትም ከዚያ ወዲህ አልጠራውም። እማማ አሰለፈች፣ ልጅዎ በተወለደበት አገር ስሙ የጎደፈው በእኔ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ትሉኝ ይሆናል። በሉኝ! ይገባኛል።

አያ ጌጡ፣ ሲሳይ አልበደለዎትም። የበደልኩት እኔ ነኝ።

ሲሳይ፣ ወንድሜ፣ ይኸው ተናገርኩ። አንተ ቆመህ እያለህ ነበር መናገር የነበረብኝ። አፈሩ ይቅለልህ። ደህና ሁን።