የጉበት መድኃኒት ሙከራና የልብስ ሰፊዋ ጥያቄ

የደም ምርመራ ውጤቴን ልወስድ ሄጄ በጉበት ክፍሉ መተላለፊያ ስጠብቅ፣ አንዲት ልብስ ሰፊና የወንድማቸው ልጅ አጠገቤ ተቀመጡ። ልጅቷ የሒሳብ መምህርት ናት፤ በእጇ የአዲስ መድኃኒት ሙከራ የስምምነት ወረቀት ይዛለች።

«ጉበት የሚታመመው ጠጪ ነው» አሉ አክስትየዋ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሰው ቢሰማ ምን ይላል?»

«የእኔ ከመጠጥ አይደለም አክስቴ፤ ስብ ነው የተከማቸበት። የእንቁላል ማምረቻ አካላቸው ችግር ያለበት ሴቶች ላይ ብዙ ጊዜ ይታያል።»

«እኮ ምን አገናኛቸው? አንዱ ላይ፣ አንዱ ታች!»

ልጅቷ ሳቀች። «ሐኪሞቹም የሚመረምሩት ይህንኑ ነው። ወንዶች ላይ የሚበዛው ሆርሞን እኔ ላይ በዝቷል፤ አገጬ ላይ ፀጉር ያበቀለው እሱ ነው። ጉበቴንም ይጎዳ ይሆናል ብለው ጠርጥረዋል። መድኃኒቱ ሆርሞኑን ሥራውን ይከለክለዋል።»

«ለግማሾቻችሁ ደግሞ መድኃኒት የሌለበት ባዶ ኪኒን! ማታለል አይደለም?»

«ባዶው ሊደርሰኝ እንደሚችል አስቀድመው ነግረውኛል። ሁላችንም መድኃኒቱን ወስደን ቢሻለን፣ ያዳነን እሱ ይሁን ሐኪሞቹ ያዘዙን ክብደት መቀነስ በምን ይለያል?»

እኔ ትምህርቴን ከሰው አፍ የለቀምኩ ነኝና ይህን በልቤ ያዝኩት። የአክስትየዋ ሥጋት ግን ሌላ ነበር። ሐኪሟ ተራ ልትጠራ ብቅ ስትል በሩ ላይ ያዟት።

«ዶክተር፣ እናቷ አደራ ብላኝ ነው የሞተችው። መድኃኒቱ መካን ያደርጋታል?»

«እስካሁን ባለን መረጃ አያደርጋትም እናቴ። ግን እየወሰደች ብታረግዝ ፅንሱን ሊጎዳ ስለሚችል፣ ሙከራው እስኪያልቅ ማርገዝ የለባትም።»

«ጉበቷንስ ያድናል?»

«አላውቅም። ባውቅማ ሙከራ ምን ያደርግልኛል? ካልተስማማት በፈለገች ቀን ትተወዋለች፤ ሕክምናዋ አይቋረጥባትም።»

አክስትየዋ ወደ ሐኪሟ ጠጋ አሉ። «አንቺ ተምረሽ እንኳ አላውቅም አልሽ፤ እኔ ግን ሦስት የቅጠል መድኃኒት አዋቂዎች ‹አውቃለሁ፣ አድናታለሁ› ብለውኝ የሰጡኝን ቅጠል ሁሉ… በሻይዋ እየጨመርኩ ሳጠጣት ከረምኩ።»

«አክስቴ!»

ሐኪሟ አልተቆጣችም። «እንኳን ነገሩኝ። አንዳንድ ቅጠል ራሱ ጉበት ይጎዳል፤ ውጤታችንንም ያሳስተን ነበር። አሁኑኑ ያቁሙ። ከወር በኋላ ደሟን እንደገና እናያለን፤ ደህና ከሆነ ሙከራው ውስጥ መግባቷን ያኔ ትወስናለች።»

«የቀረውን ቅጠል ነገ አመጣልሻለሁ፤ አንቺው መርምሪው» አሉ አክስትየዋ። «ስትፈርምም አብሬያት እመጣለሁ።»

አምላክ ለሰው አእምሮ የሰጠው እንዲጠይቅበት ይመስለኛል። በግልጽ ጠይቆ በፈቃድ የሚገባበት ሙከራ፣ መድኃኒቱ ቢሠራ ለብዙ ሴቶች ይተርፋል፤ ባይሠራ እንኳ ሌሎች በከንቱ እንዳይወስዱት ያድናቸዋል። የተደበቀ መድኃኒት ግን በቅን ልብ ቢሰጥም ማንንም አያስተምርም።

ሲወጡ አክስትየዋ የልጅቷን ክንድ ያዙ። «ይቅር ትይኛለሽ?»

«ይቅር ብያለሁ። ሻዬን ግን ከዛሬ ጀምሮ ራሴ ነኝ የማፈላው።»