ዘበኛውን ምን ልበለው

ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚሄደው ሚኒባስ፣ ከኋላዬ ለቅሶ የሚሄዱ አንዲት አሮጊት አልቃሽና አንድ ጎልማሳ በሹክሹክታ ያወሩ ነበር።

«ለመምህሩ የማወጣው ግጥም አለኝ። አብሮት የሞተውን ዘበኛ ግን ምን ልበለው?»

«ሰካራም ነበር፣ እማማ። ታጣቂዎቹ ትምህርት ቤቱ ሲገቡ ቀድሞ የሸሸው እሱ ነው።»

«ተመለሰ ሲሉ ሰማሁ።»

«ተመልሷል። መምህሩን አልሰጥም ሲል በሩ ላይ ገደሉት።»

«እንግዲያ ጀግና ነዋ።»

«ቀስ ይበሉ። ገዳዮቹ ለቅሶው ላይ ሊኖሩ ይችላሉ። ስካሩን ብቻ ቢያነሱ ማንም አይጠይቅዎትም።»

«‹ሸሸ› ብዬ እጀምራለሁ። ‹ተመለሰ› የሚለውን አንተ ተቀበለኝ።»

«እኔ ልጆች አሉኝ።»

«እሱስ አልነበሩትም?»

ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ «ተመለሰ» የምትለዋን ቃል ድምፅ ሳላወጣ በከንፈሬ ሞከርኳት።