ጨረቃን ሳይቀምሱ

ገነተ ማርያም፣ አመሻሽ ላይ ነው። ጓደኛዬ የፊዚክስ መምህር ነው፤ ከከተማ የተዋሰውን ቴሌስኮፕ አባቱ ደጅ ላይ ተክሎ ወደ ግማሿ ጨረቃ አነጣጠረ። አባቱ ቄስ ናቸው። ልጃቸው ድቁናውን ትቶ ዩኒቨርሲቲ ከገባ ወዲህ ከሰላምታ የዘለለ አያዋሩትም።

"አባቴ፣ መጥተው ይዩ፤ ጨረቃን እደጅዎ ያቀርባታል።"

"እህል ቀምሻለሁ" አሉ፣ ከመደቡ ሳይነሱ።

የጓደኛዬ እጅ ከመሣሪያው ላይ ወረደ። እኔ ዝም ማለት አልቻልኩም። "አባ፣ ይኼ እኮ መነጽር እንጂ ቁርባን አይደለም።"

"አንተ የአዲስ አበባ ሰው፣ ከሩቅ ሲሆን ማንም ያየዋል። የእግዚአብሔርን ሰማይ ቀርቤ የማየው ከሆነ ግን በሞላ ሆድ አልቀርብም።" ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። "ነገ ሳትቀምስ ጠብቀኝ።"

ጾም ከተወ ዓመታት ያለፉት ጓደኛዬ በማግስቱ ውሃ እንኳ አልቀመሰም። እኔም ምሳዬን ተውኩት። ሲመሽ የላስታ ተራሮች ሰማያዊ ጢስ መሰሉ፤ ረሃቡ ይሁን ከፍታው፣ መሬቱ ከእግሬ ሥር የቀለለ መሰለኝ።

ቄሱ ወደ ቴሌስኮፑ ጎንበስ ብለው ብዙ ቆዩ። ዓይናቸውን ሳያነሱ በእጃቸው ልጃቸውን ፈለጉ፤ ትከሻውን ይዘው ሳቡት።

"ለሁለት የሚያሳይ ቀዳዳ የለውም?"

"የለውም፣ አባቴ።"

"እንግዲያስ ተጠጋ፣ ያየሁትን ልንገርህ።"